ያልሄደው መሪ

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 19 ቀን 1942 በርሊን ውስጥ የተቀረጸ አንድ አጭር ፊልም ዛሬም ድረስ ይታያል። ዕለቱ የሂትለር የልደት ዋዜማ ነው። አዳራሹ በናዚ ባንዲራ አሸብርቋል፤ ወንበሮቹን ወታደሮችና ሹማምንት ሞልተዋቸዋል። መድረኩ ላይ የቤትሆቨን ዘጠነኛ ሲምፎኒ ሊያበቃ ተቃርቧል፤ የሰው ልጆች ወንድማማችነት በመዘምራን የሚወደስበት የመጨረሻው ክፍል ነው። ድምፁ እንዳበቃ የፕሮፓጋንዳ ሚኒስትሩ ዮዘፍ ጎብልስ ወደ መድረኩ ይጠጋና እጁን ሽቅብ ይዘረጋል። ረጅሙ፣ ቀጭኑ፣ በራው መሪ ጎንበስ ብሎ ይጨብጠዋል። ቀጥላ የምትመጣው ቅጽበት ብዙ አከራክራለች፤ መሪው እጁን በመሐረብ ሲነካካ ይታያል። የጎብልስን ጭብጥ ከመዳፉ ላይ እየጠረገ ነው የሚሉ አሉ። አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ሲምፎኒ የመራ ሰው ላቡን ቢጠርግ ምን ይገርማል የሚሉም አሉ።

መሪው ቪልሄልም ፉርትቬንግለር ነው። በ1886 በርሊን ተወለደ። አባቱ የጥንታዊት ግሪክ ቅርሶች ሊቅ ነበር፤ ልጁም ከትምህርት ቤት ይልቅ በቤት መምህራን፣ በግጥምና በቤትሆቨን መካከል አደገ። በሃያ ዓመቱ ሙኒክ ላይ ብሩክነርን መራ፤ በሉቤክና በማንሃይም ሠራ፤ በ1922 አርቱር ኒኪሽ ሲሞት የላይፕዚግ ጌቫንድሃውስንም የበርሊን ፊልሃርሞኒክንም ወረሰ። በሠላሳ ስድስት ዓመቱ በጀርመን ሙዚቃ ከእሱ በላይ የሚቀመጥ መሪ አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ አርባ ሰባት ዓመቱ ነበር። አልሄደም። ስለ እሱ የሚነሳው ክርክር ሁሉ የሚመነጨው ከዚህች አንዲት ቃል ነው።

ክርክሩ ውስጥ ከመግባት በፊት ሰውዬው መድረክ ላይ ምን ያደርግ እንደነበር ማወቅ ይጠቅማል። የኦርኬስትራ መሪ እንግዳ ሥራ ነው። የእኛ መሪጌታ ሲመራ ራሱ ያዜማል፤ ድምፁ ከማኅበሩ ድምፅ ጋር ይሰማል። የኦርኬስትራ መሪ ግን መድረኩ ላይ ካሉት መካከል ምንም ድምፅ የማያወጣው ብቸኛ ሰው ነው። ያለው እጁ፣ ዓይኑና አንዲት ቀጭን ዘንግ ናት። ዘንጓ ስትወርድ መቶ ሰው አብሮ ይጀምራል፤ ቢያንስ እንደዚያ ነው የሚታሰበው። የፉርትቬንግለር ዘንግ ግን ወርዳ አትወርድም ነበር። ትንቀጠቀጣለች፣ አየሩን ትቧጥጣለች፣ የት ላይ መጀመር እንዳለበት በግልጽ አትናገርም። ለእሱ አዲስ የሆኑ ሙዚቀኞች ግራ ይጋቡ ነበር፤ የለመዱት ደግሞ በዚያ አሻሚነት ምክንያት እርስ በርስ መደማመጥን ተማሩ። ውጤቱ እንደ ቢላ የተቆረጠ ድምፅ ሳይሆን ከሥር ቀስ ብሎ የሚነሳ፣ በባሶቹ ላይ የተመሠረተ፣ የሚተነፍስ ድምፅ ነው። ኖታው ላይ የተጻፈው ፍጥነት ለእሱ መነሻ እንጂ ሕግ አልነበረም። ከአንዱ ሐሳብ ወደ ሌላው የሚሸጋገርባቸው ቦታዎች ላይ ጊዜው ራሱ የሚላላና የሚጠብቅ ይመስላል።

ለብዙ ዓመታት የበርሊን ፊልሃርሞኒክ የቲምፓኒ ተጫዋች የነበረው ቬርነር ቴሪሸን አንድ ነገር ጽፎ ትቷል። አንድ እንግዳ መሪ ኦርኬስትራውን እያለማመደ ሳለ፣ ቴሪሸን ተራው እስኪደርስ ኖታ ይከታተል ነበር። ድንገት የኦርኬስትራው ድምፅ ተለወጠ፤ ሞቀ፣ ሞላ። መድረኩ ላይ ያለው መሪ ምንም የተለየ ነገር አላደረገም። ቴሪሸን ቀና ብሎ ቢያይ ፉርትቬንግለር በሩ ላይ ቆሟል። ምንም አላለም፤ እጁንም አላነሳም።

በሩ ላይ መቆሙ ብቻ የመቶ ሰው ድምፅ የሚለውጥ ሰው አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በናዚ በር ላይ ሲቆም ምን ለወጠ? የሚያሳስበው ጥያቄ ይህ ነው።

መጀመሪያ ላይ ዝም አላለም። በኤፕሪል 1933 ለጎብልስ የጻፈው ግልጽ ደብዳቤ በጋዜጣ ታተመ። አይሁዳውያኑ ብሩኖ ቫልተርና ኦቶ ክሌምፐረር፣ የቴአትሩ ሰው ማክስ ራይንሃርትም በጀርመን መድረክ ላይ ቦታ ሊኖራቸው ይገባል ሲል ተሟገተ። እሱ የሚያውቀው መለያ መስመር በጥሩና በመጥፎ ጥበብ መካከል ያለውን ብቻ እንደሆነ አስረዳ። በዚያ ወቅት በስሙ እንዲህ ብሎ የጻፈ ታላቅ ጀርመናዊ ሙዚቀኛ ማግኘት አይቀልም። ደፋር ደብዳቤ ነበር፤ የሚከላከሉለትም በትክክል በመጀመሪያ የሚያነሱት እሱን ነው።

ግን ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው አንድ ቦታ ላይ ይደናቀፋል። ትግሉ ሥር በሌላቸው፣ በባዶ ብልጭልጭና በርካሽ ሥራ ጥበብን በሚያበላሹ ላይ ከሆነ ተቃውሞ እንደሌለው ይቀበላል። ትግሉ እውነተኞቹን አርቲስቶች እንዳይነካ ብቻ ነው የሚለምነው። ምናልባት ይህ ስልት ነበር፤ ለጎብልስ የሚጽፍ ሰው የጎብልስን ጆሮ የሚያስከፍት ቃል መፈለጉ አይቀርም። ቢሆንም የተሰጠው ነገር ትንሽ አልነበረም። ቫልተር ይቅር የተባለው ቫልተር ስለሆነ ነው። በአንዲት ትንሽ ከተማ ኦርኬስትራ ውስጥ ሁለተኛ ቫዮሊን የሚጫወተው፣ ከዕለት እንጀራው ያለፈ ዝና የሌለው፣ ምናልባትም አልፎ አልፎ ከቅኝት የሚወጣው አይሁዳዊስ? ለእሱ በደብዳቤው ውስጥ መከላከያ የለም። መኖር የሚፈቀድለት በችሎታው ከሆነ፣ ችሎታው መካከለኛ የሆነ ሰው ምን ይዞ ይቆማል?

የፉርትቬንግለር ስህተት ከፍርሃት የመነጨ አይመስልም፤ ፈሪ ሰው ያንን ደብዳቤ አይጽፍም። ስህተቱ በሕይወቱ ሁሉ ያገለገለውንና ታላቅ ያደረገውን መለኪያ፣ ጥሩና መጥፎ ጥበብን፣ ለማይመዘንበት ነገር መመዘኛ ማድረጉ ነው። ሰዎች በመጡለት ቁጥር ረዳቸው፤ ይህ የሚካድ አይደለም። ከጦርነቱ በኋላ በቀረበበት ችሎት ብዙዎች መጥተው መስክረውለታል። ዋስትና ሆነ፣ ደብዳቤ ጻፈ፣ ስልክ ደወለ። አይሁዳዊት ጸሐፊው በርታ ጋይስማር አገር ጥላ እስክትወጣ ድረስ ከጎኑ እንድትቆይ ታገለ፤ እሷም በኋላ ለንደን ላይ ሆና በጻፈችው መጽሐፍ በምሬት ሳይሆን በሐዘን አስታወሰችው። የኦርኬስትራው ኮንሰርት ማስተር ሲሞን ጎልድበርግና ሌሎቹ አይሁዳውያን ሙዚቀኞች ግን በ1930ዎቹ አጋማሽ አንድ በአንድ ወጡ። መሪው የቻለውን ያህል አዘገየው እንጂ አላስቀረውም።

በ1934 ነገሩ ከረረ። አገዛዙ የፓውል ሂንዴሚትን ሥራ ሲከለክል ፉርትቬንግለር በኖቬምበር ወር በጋዜጣ ላይ ስለ ሂንዴሚት ጻፈ፤ ኮንሰርት አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ናዚዎች ጭብጨባው ለማን እንደሆነ አልጠፋቸውም። በዲሴምበር መጀመሪያ ሥልጣኖቹን ሁሉ ለቀቀ፤ የበርሊን ፊልሃርሞኒክን፣ የመንግሥት ኦፔራን፣ የሙዚቃ ምክር ቤቱን ምክትል ፕሬዚዳንትነት። እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ዛሬ ስሙ በሌላ ቃና ይነሳ ነበር። አላበቃም። በ1935 መጀመሪያ ከጎብልስ ጋር ተገናኝቶ ጽሑፉ የሙዚቃ እንጂ የፖለቲካ ዓላማ እንዳልነበረው የሚገልጽ መግለጫ ወጣ፤ በኤፕሪል ወደ ፊልሃርሞኒኩ መድረክ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ ቋሚ ሹመት አልያዘም፤ የፓርቲው አባልም ሆኖ አያውቅም። እንደ እንግዳ መጥቶ መርቶ የሚሄድ ነፃ ሰው ነኝ ይል ነበር። ኦርኬስትራው ግን ነፃ አልነበረም። ከ1933 ቀውስ በኋላ መንግሥት ገዝቶታል፤ ደሞዙን የሚከፍለው የጎብልስ ሚኒስቴር ነው፤ ጦርነቱ ሲመጣም ሙዚቀኞቹ ከዘመቻ ነፃ ተደረጉ። አንድ አገዛዝ ይህን ሁሉ ለሙዚቃ ፍቅር ብሎ አያወጣም።

ተከላካዮቹ እዚህ ላይ ሂሳብ ይይዛሉ። በአንድ ወገን ያዳናቸው ሰዎች፣ በሌላ ወገን የጨበጣቸው እጆች፤ ቀንሰህ የሚተርፈውን እይ ይላሉ። ሂሳቡ የሚበላሽበት ምክንያት አለ። ሁለቱ ዓምዶች የተለያዩ አልነበሩም። ፉርትቬንግለር ስልክ ሲደውል የሚሰማው፣ አገዛዙ ስለሚፈልገው ነው። የሚፈልገው ደግሞ በርሊን ስለቀረና ለዓለም ስለሚታይ ነው። ሰው ለማዳን ያወጣት እያንዳንዷ ሳንቲም በዚያው መድረክ ላይ የተገኘች ነበረች። ስለዚህ መልካም ሥራው ሐሰት ነበር ማለት አይደለም፤ የዳነው ሰው በእርግጥ ድኗል፣ ልጆችም ወልዷል። ግን ብድሩን ከዕዳው ላይ ቀንሶ ነፃ ነኝ ማለት አይቻልም፤ ብድሩ ራሱ ዕዳውን ያበዛ ነበርና።

ስሙ ሲነሳ ሁልጊዜ የሚጠራው ሌላው ሰው ጣሊያናዊው አርቱሮ ቶስካኒኒ ነው። በሜይ 14 ቀን 1931 ቦሎኛ ውስጥ ኮንሰርት ከመምራቱ በፊት የፋሺስት ፓርቲውን መዝሙር ጆቪኔዛን አስጫውት ሲባል እምቢ አለ፤ አዳራሹ በር ላይ ፋሺስቶች በጥፊ መቱት፤ ፓስፖርቱም ለጊዜው ተያዘ። ከዚያ በኋላ ፋሺዝም እስኪወድቅ ድረስ አገሩ ውስጥ አልመራም። ይህ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ከሩቅ የሚሰማ ወሬ አይደለም፤ የዚያ ፓርቲ ሠራዊት አዲስ አበባ የገባው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። በ1933 ባይሮይትን፣ በ1938 ደግሞ ዛልትስቡርግን ተወ። በ1936 መጨረሻ ከጀርመንና ከሌሎች አገሮች የተባረሩ አይሁዳውያን ሙዚቀኞች የተሰባሰቡበትን ኦርኬስትራ የመጀመሪያ ኮንሰርት ቴል አቪቭ ላይ መራ። (ፍጹም ሰው አልነበረም። በ1919 በሚላኖ ምርጫ ከሙሶሊኒ ጋር በአንድ የዕጩዎች ዝርዝር ላይ ስሙ ነበረበት። ቶሎ መንቃቱ ነው የሚለየው።)

ሁለቱ በ1937 ዛልትስቡርግ ላይ ሲገናኙ ተጋጩ ይባላል። እንደሚነገረው ፉርትቬንግለር ቤትሆቨንና ቫግነር በሚሰሙበት ቦታ ሁሉ ሰው ነፃ ነው የሚል ሐሳብ አቀረበ፤ ቶስካኒኒ አልተቀበለውም። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የኒውዮርክ ፊልሃርሞኒክ የቶስካኒኒን ቦታ ለፉርትቬንግለር ሰጥቶት ነበር፤ ቶስካኒኒ ራሱ ነው ያቀረበው። ኒውዮርክ ውስጥ ተቃውሞ ሲነሳ ፉርትቬንግለር ተወው። በሩ አልተከፈተልኝም ሊል አይችልም ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማራኪ ሐሳብ ብቅ ይላል። ቶስካኒኒ በሙዚቃውም ቀጥ ያለ ነው፤ ምቱ ግልጽ፣ ኖታው ሕግ፣ ጭማሪ የለም ቅናሽ የለም፤ በፖለቲካውም እንዲሁ። ፉርትቬንግለር ደግሞ ዘንጉ እንደማትለይ ሁሉ እሱም አልለየም፤ ሁልጊዜ በሽግግር ላይ፣ ሁልጊዜ በመሐል። ደስ የሚል ንጽጽር ነው፤ እውነት ግን አይመስልም። ኸርበርት ፎን ካራያን ከማንም ያልተናነሰ ጥርት ያለ፣ የተወለወለ ድምፅ ነበረው፤ ፓርቲው ውስጥም ገብቷል። ለጥፋቱ ምክንያት ከክንዱ አወዛወዝ መፈለግ፣ ፉርትቬንግለር ራሱ የሠራውን ማድረግ ነው፤ ጥበብን የሥነ ምግባር መለኪያ ማድረግ።

ከሁሉ የሚከብደው መከራከሪያው ሌላ ነው። በሂምለር ሽብር ሥር የሚኖሩ ጀርመኖች ቤትሆቨንን ከማንም በላይ ይፈልጉት ነበር፤ ትቻቸው ልሄድ አልቻልኩም ሲል ተከራከረ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አገር ውስጥ የቀረ መምህር፣ ሐኪም፣ ጋዜጠኛ ወይም ደራሲ ሁሉ የሚለው ነው፤ ማዶ ሆኖ የሚጽፍ ሰው ቶሎ ሊንቀው አይገባም። አዳራሽ ውስጥ ከተቀመጡት መካከል ለአንድ ሰዓት ያህል ሰው መሆናቸው የተመለሰላቸው ነበሩ። በስደት የነበረው ቶማስ ማን ግን በ1945 በጻፈው ደብዳቤ አንድ የማያፈናፍን ጥያቄ አነሳ፤ የቤትሆቨን ፊዴሊዮ፣ እስረኞች ከጨለማ ወጥተው ብርሃን የሚያዩበት ኦፔራ፣ በእነዚያ አሥራ ሁለት ዓመታት በጀርመን እንዴት ሳይከለከል ቀረ? ያልተከለከለው ስላላስፈራ ነው። ሙዚቃው የተጨቆነውን የሚያጽናና ኃይል ካለው ጨቋኙንም ያጽናናል፤ ጎብልስ ከፊት ረድፍ ተቀምጦ በዚያው ሰዓት ሰው መሆኑ ተመልሶለት ሊሆን ይችላል። ሙዚቃ ትልቅ ነገር ነው ብሎ ለመቅረት ምክንያት ማድረግ፣ ከዚያ ደግሞ ፖለቲካ አይነካውም ብሎ ከተጠያቂነት ማውጣት፤ ሁለቱ አብረው አይሄዱም።

የዘመኑን ሌላ መሪ ማስታወስ እዚህ ላይ ያስፈልጋል። አልማ ሮዜ የጉስታቭ ማህለር የእህት ልጅ ናት። አባቷ አርኖልድ ሮዜ ለሃምሳ ሰባት ዓመት የቪየና ኮንሰርት ማስተር ሆኖ ኖሮ በ1938 አይሁዳዊ ነህ ተብሎ ተባረረ። እሷ በ1943 ቢርከናው ገባች፤ ካምፑ ውስጥ የሴቶች ኦርኬስትራ ትመራ ዘንድ ታዘዘች። ሴቶቹ ጠዋት እስረኞች ወደ ሥራ ሲወጡ፣ ማታ ሲመለሱ ማርሽ ይጫወቱ ነበር። ልምምድ ላይ በጣም ጥብቅ እንደነበረች የተረፉት ይናገራሉ፤ ጥብቅነቷ ለምን እንደሆነም ያውቁ ነበር። ኦርኬስትራው ካስደሰተ ይኖራል። ሴቶቹ አብዛኞቹ ተረፉ፤ እሷ በኤፕሪል 1944 ካምፑ ውስጥ ሞተች። እዚያም ቫዮሊን መቻል የመኖር ፈቃድ ነበር፤ ያልቻለችው ሄደች። ሕጉን ግን አልማ አልደነገገችውም፤ አንድም ቀን ትክክል ነው ብላ ለጋዜጣ አልጻፈችም፤ ኒውዮርክም አልጠራትም። ያው ዘንግ፣ ያው ሙዚቃ፣ ያው ዘመን ነው፤ እሷን ለመውቀስ አፍ የሚደፍር የለም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንዲት የባቡር ትኬት ናት ቢባል ብዙም አይርቅም።

ፉርትቬንግለር በጃንዋሪ 1945 ቪየና ላይ ከመራ በኋላ ወደ ስዊዘርላንድ አመለጠ። በዲሴምበር 1946 በርሊን ላይ ከናዚነት የማጥራት ችሎት ፊት ቀረበና ነፃ ወጣ፤ በሜይ 1947 የበርሊን ሕዝብ ቤትሆቨንን ሲመራ ሊያየው ተጋፋ። አይሁዳዊው ቫዮሊኒስት የሁዲ ሜኑሂን አብሮት ተጫወተ፤ ብዙ ወገኖቹ ተቆጡት። ቺካጎ ልትቀጥረው ስትል ሆሮዊትዝ፣ ሩቢንስታይን፣ ሃይፌትዝና ሌሎች አብረን አንጫወትም አሉ፤ ቀረ። የሜኑሂን እጅ መዘርጋትም የሩቢንስታይን መከልከልም ሁለቱም ተገቢ ነበሩ ብሎ ማመን ይቻላል። ይቅር የማለት መብት ያለው ሰው ያንን መብት ለሌላው ሊያውስ አይችልም።

የዘመኑ ቅጂዎች አሁንም አሉ። በጦርነቱ ወቅት የበርሊን ሬዲዮ በቴፕ የቀረጻቸውን ሶቪየቶች ወስደዋቸው ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ ነው የተመለሱት። ከልደት ዋዜማው አንድ ወር ቀድሞ፣ በማርች 1942 የተቀረጸው ዘጠነኛ ሲምፎኒ ከመካከላቸው ነው። የሰሙት ሁሉ እኩል አይወዱትም፤ ግን ቀለል አድርጎ የሚያልፈው የለም። ቲምፓኒው እንደ ቦምብ ይመታል፤ የመጨረሻዎቹ ገጾች ከደስታ ይልቅ ማምለጫ ያጣ ሰው ሩጫ ይመስላሉ። አንዳንዶች እዚያ ውስጥ ተቃውሞ ይሰማሉ፤ መሪው በአፉ ያልቻለውን በእጁ ተናገረ ይላሉ። ሊሆን ይችላል። ችግሩ ተቃውሞ ከሆነ አዳራሹ ውስጥ ያሉ ናዚዎች አለመስማታቸው ነው። አጨበጨቡ።

ሊሄዱ የማይገደዱ፣ አይሁዳዊ ያልሆኑ፣ ግን የሄዱም ነበሩ። ፍሪትዝ ቡሽ በማርች 1933 ድሬስደን ላይ ናዚዎች በጩኸት ከመድረክ ካስወረዱት በኋላ ወጣ፤ በቦነስ አይረስ፣ በኮፐንሃገን፣ በእንግሊዝ ሠራ። ኤሪክ ክላይበር በ1934 መጨረሻ፣ ፉርትቬንግለር ሥልጣኑን በለቀቀበት በዚያው ሳምንት፣ የበርሊን መንግሥት ኦፔራን ለቀቀ። አንዱ ከአራት ወር በኋላ ተመለሰ፤ ሌላው ወደ ደቡብ አሜሪካ ሄደ። የክላይበር የደቡብ አሜሪካ ዓመታት በሙዚቃ ዝና ሚዛን ሲመዘኑ ኪሳራ ናቸው፤ ጓዙን ጠቅልሎ ከቦታ ቦታ ሲዞር ፉርትቬንግለር በዓለም ምርጥ ኦርኬስትራ ፊት ቆሞ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ምሥራቅ በርሊን ክላይበርን ጠራችው፤ የፈረሰው ኦፔራ ቤት እየታደሰ ነበርና ሊመራው ተስማማ። በ1955 ቤቱ ሊከፈት ወራት ሲቀሩት፣ ባለሥልጣናት ከግንባሩ ላይ ንጉሥ ፍሬድሪክ ሕንጻውን ለአፖሎና ለሙዛት እንደሰጠ የሚናገረውን የላቲን ጽሑፍ አስነሱ። ክላይበር ይህ የሚያሳዝነው ያለፈው ዘመን ምልክት ነው አለና እንደገና ለቀቀ። በዓመቱ መጀመሪያ ዙሪክ ላይ፣ በሆቴል ክፍል ውስጥ ሞተ።